መሸጥም ይማሩታል?

(ለማርኬቲንግና ሽያጭ አዲስ ሠልጣኞችና ለወላጆቻቸው በአንድ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አዳራሽ የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ በሚመች መልኩ ተጽፎ የቀረበ)

እንደምን አረፈዳችሁ። ወላጆች፣ ሥራ ፈታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ሱቅ ዘግታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ሠልጣኞች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። በሩ ጋ የቆማችሁት ግቡ፤ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር ሞልቷል፣ አሠልጣኝ አይናከስም።

በምዝገባው ሰሞን ከወላጆች ደጋግሜ የሰማሁት አንድ ጥያቄ አለ። በትሕትና ነው የሚጠየቀው፤ ቅሬታው ግን አይደበቅም። «መምህር፣ አሁን መሸጥ ደግሞ ትምህርት ይፈልጋል? የሰፈራችን ባለሱቅ የት ተምሮ ነው?» ይሉኛል። ኤሌክትሪክ፣ አውቶ መካኒክ፣ ምግብ ዝግጅት ሲባል ሰው ይገባዋል፤ እጅ የሚሠራው ነገር ይታያል። ማርኬቲንግ ሲባል ግን ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ ቀርቶ፣ የፈለገው ዘርፍም ሞልቶበት፣ መጨረሻ ላይ የተጣለበት ክፍል ይመስላቸዋል። እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ ሠልጣኝም እንደዚያው ይመስለዋል።

ባለሱቁ ተምሯል። ያውም ከእናንተ ረዘም ላለ ጊዜ። በልጅነቱ ዘመድ ሱቅ ገብቶ፣ ዕቃ እያወረደ፣ ማታ ባንኮኒው ሥር እየተኛ፣ ደመወዝ ሳይቆረጥለት ዓመታት ቆይቶ ነው የተማረው። ለማን ዱቤ እንደሚሰጥ፣ ማንን በፈገግታ እንደሚከለክል፣ የትኛው ሳሙና ሳምንት ሳይሞላው እንደሚያልቅ፣ የትኛው ብስኩት መደርደሪያ ላይ እንደሚያረጅ ያውቃል። የከፈለው ዋጋ ልጅነቱን ነው። ያንን ሁሉ እኛ በአጭር ጊዜ እንሰጣችኋለን ብል የውሸት ሸቀጥ እየሸጥኩላችሁ ነው። የምንሰጣችሁ ሥርዓቱን ነው። ባለሱቁ በጭንቅላቱ የያዘውን እናንተ በወረቀት ትይዛላችሁ። እሱ በአንድ ሱቅ የሚሠራውን በሃምሳ ሱቅ ትሠሩታላችሁ። እሱ ተቀጥቶ የሚያውቀውን ሕግ ሳትቀጡ ታውቁታላችሁ።

የመጣሁበትን ነገር ከወዲሁ ልናገር። ብዙዎቻችሁ ሻጭ ማለት ምላሱ የተፈታ ሰው ነው ብላችሁ ነው የመጣችሁት። ዝምተኞቹ ደግሞ «እኔ አፍ የለኝም፣ ምን ልሆን ነው?» ብላችሁ ተጨንቃችኋል። ይህ ሥራ ከምላስ ይልቅ የጆሮና የካልኩሌተር ሥራ ነው። ዝምተኛው ብዙ ጊዜ ጎበዝ ሻጭ ይወጣዋል። ለፍላፊው ግን አስቀድሞ ዝም ማለት መማር አለበት፤ እሱም ጊዜ ይፈጃል።

የሥልጠናውን አወቃቀር ቶሎ ልለፈው፤ ዝርዝሩ ሬጅስትራር ጋ አለ። የአገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ከደረጃ 1 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ይሄዳል። በ2000 ዓ.ም. ከወጣው ብሔራዊ ስትራቴጂ ወዲህ እያንዳንዱ ሙያ የራሱ የሙያ ደረጃ ሰነድ አለው። ሰነዱ «ይህን ያህል ምዕራፍ ተማረ» አይልም፤ «ይህን መሥራት ይችላል» ነው የሚለው። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ዘርፉ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥር ነው። ይኸው ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም።

ሽያጭ በእኛ አገር እንደ ሙያ ሳይቆጠር ለምን እንደኖረ ግን ትንሽ ልበል። ስለ ንግድ ትምህርት ሲነሳ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ኮሜርስን ነው፤ ጠላት ከወጣ በኋላ በ1935 ዓ.ም. አካባቢ የተከፈተው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው። ስሙ የገነነው በጸሐፊዎቹና በሒሳብ ሠራተኞቹ ነው። ቢሮ የሚሞላ ሰው ነበር የሚፈለገው። ገበያው ራሱ ልጆቹን ያሠለጥናል ተብሎ ተተወ። በደርግ ጊዜ ደግሞ እህሉን የሚሰበስበው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት፣ ስኳሩንና ዘይቱን የሚያድለው የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ሆነ። ራሽን ካርድ ይዞ የተሰለፈን ሰው «ምን ልታዘዝ?» የሚለው የለም። ሰልፍ ባለበት ሻጭ አያስፈልግም፤ አዳይ ነው የሚያስፈልገው። የዚያ ጊዜ ጠባይ ገና ሙሉ በሙሉ አልለቀቀንም። ዛሬም ዕቃ ሲጠፋ የአንዳንዱን ሱቅ ሰው ፊት እዩት፤ እየሸጠላችሁ ሳይሆን እየለገሳችሁ ነው የሚመስለው። ዕቃው ሲበዛና ጎረቤቱም ያንኑ ሲያመጣ ነው «ግቡ፣ ግቡ» የሚጀምረው።

አሁን ወደ ካልኩሌተሩ። ስልካችሁን አውጡ፤ ዛሬ ይፈቀዳል።

አንድ ጫማ በ800 ብር ገዛችሁ፣ በ1,000 ብር ሸጣችሁ። ስንት ከመቶ አተረፋችሁ? (ከአዳራሹ «ሃያ!»፣ «ሃያ አምስት!» የሚሉ ድምፆች ተሰሙ።) ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ችግሩም እሱ ነው። 200 ብሩ በመግዣው በ800 ሲሰላ 25 ከመቶ ነው። በመሸጫው በ1,000 ሲሰላ 20 ከመቶ ነው። መርካቶ ያለ ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው በመግዣው ነው፤ የኩባንያ ሪፖርት የሚጻፈው በሽያጩ ነው። አለቃችሁ «ትርፋችን 25 ከመቶ ይሁን» ብሏችሁ ከምኑ እንደሆነ ሳትጠይቁ ዋጋ ለጠፋችሁ እንበል። እሱ ያሰበው በሽያጩ ከሆነ ያ ጫማ መሸጥ ያለበት በ1,000 ሳይሆን በ1,067 ብር ገደማ ነው። 67 ብር ምን አላት እንዳትሉ፤ መቶ ጫማ ስትሸጡ 6,700 ብር ነው። የማን ስህተት ነው ተብሎ ሲፈለግ ደግሞ ጣት የሚቀሰረው ወደ አዲሱ ሠራተኛ ነው።

እዚያው ጫማ ላይ እንቆይ። በዓል ደረሰና «10 ከመቶ ቅናሽ» ብላችሁ ለጠፋችሁ። ጫማው 900 ብር ሆነ። መግዣው አልተነካም፤ ያው 800 ነው። ትርፋችሁ ከ200 ወደ 100 ወረደ ማለት ነው። ዋጋው የቀነሰው አንድ አሥረኛ፣ ትርፉ የቀነሰው ግማሽ። የድሮውን ትርፍ ለማግኘት የድሮውን እጥፍ ጫማ መሸጥ አለባችሁ፤ ያም ለተጨማሪው ዕቃ የማጓጓዣና የጫኝ አውራጅ ሳይታሰብ ነው። ስለዚህ ቅናሽ አታድርጉ እያልኩ አይደለም። ያረጀ ሞዴል መጋዘን ከሚበላው በቅናሽ ቢሄድ ይሻላል። ግን አስልቶ የሚቀንስና ጎረቤት ስለቀነሰ የሚቀንስ አንድ አይደሉም። ታኅሣሥ ላይ በቅናሽ ደምቆ ሰኔ ላይ «የሚከራይ» የተለጠፈበትን ሱቅ ስታዩ ይህን ስሌት አስታውሱ።

ሦስተኛው ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው፤ እዚህ ላይ ዲግሪ ያለውም ይወድቃል። ታክሱ 15 ከመቶ ነው። አንድ ዕቃ ታክሱን ጨምሮ 1,150 ብር ተሽጧል፤ ታክሱ ስንት ነው? ብዙ ሰው ከ1,150 ላይ 15 ከመቶ ያነሣል፤ 172 ብር ከ50 ሳንቲም ይወጣዋል፣ ዋጋው 977 ከ50 ነው ይላል። አይደለም። ታክሱ የተጨመረው በ1,000 ላይ ነው እንጂ በ1,150 ላይ አይደለም። ለ1.15 ማካፈል ነው፤ 1,000 ብር ዋጋ፣ 150 ብር ታክስ። በእያንዳንዱ ደረሰኝ 22 ከ50 የሚስት ሰው ወር ሲዘጋ ሒሳብ ክፍል ጋ ምን ዓይነት ወዳጅነት እንደሚኖረው ገምቱት።

ለምን ይህን ያህል ቁጥር አወራሁ? ማርኬቲንግ የመረጣችሁ ከፊላችሁ ከሒሳብ ሸሽታችሁ እንደመጣችሁ ስለማውቅ ነው። አላመለጣችሁም። ደግነቱ የሚያስፈልገው ሒሳብ ይኸው ነው፤ መደመር፣ መቀነስ፣ ማካፈልና ከመቶ። ከባዱ ነገር ስሌቱ ሳይሆን ደንበኛ ፊት ላይ እያያችሁ፣ አራት ሰው እየጠራችሁ መሥራቱ ነው።

ጆሮው ጋ እንሂድ። ሽሮ ሜዳ አንዲት የአበሻ ልብስ ነጋዴ አሉ፤ ሠልጣኞቻችንን ለልምምድ ይቀበሉልናል። አንድ ቀን ልጆቹን ልጎበኝ ሄጄ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ወጣት ሴት ገባችና የተንጠለጠለ አብረቅራቂ ቀሚስ እያሳየች «ይሄ ስንት ነው?» አለች። የእኛ ሠልጣኝ ፈጥኖ «ስምንት ሺህ፣ ግን እንነጋገራለን» አለ። ልጅቷ ጨርቁን በሁለት ጣት ነካ አድርጋ «እሺ፣ ዞሬ ልምጣ» ብላ ዞረች።

ወይዘሮዋ ከወንበራቸው አልተነሱም። «እህቴ፣ ለራስሽ ነው?» አሏት ብቻ። «ለእናቴ ነው፣ ለበዓል» አለች። «እናትሽ ጥበቡ ሰፋ ያለ ነው ጠበብ ያለ የሚወዱት? ቤተ ክርስቲያን ይሄዱበታል?» ልጅቷ ቆመች። እናቷ የሚያብረቀርቅ ነገር እንደማይወዱ፣ ባለፈው ዓመት የተገዛላቸው ከብዷቸው እንደተቀመጠ፣ ትከሻቸውን እንደሚያማቸው መናገር ጀመረች። ወይዘሮዋ ይሰማሉ፤ መሃል ላይ አንዴም አልገቡም። ከዚያ ሠልጣኙን ከላይኛው መደርደሪያ ጠርዙ ቀጭን ጥበብ የሆነ፣ ቀለል ያለ የፈትል ቀሚስ እንዲያወርድ ላኩት። ቀሚሱ ከመጀመሪያው ይረክሳል። ልጅቷ ጨርቁን በመዳፏ ይዛ ክብደቱን ሞከረች፣ ትከሻው ላይ ያለውን ስፌት አየች። ዋጋ የተነሳው በመጨረሻ ነው፤ «ቁርጡን ንገሪኝ» «አያዋጣም» ተባባሉ፣ ሦስት መቶ ብር ተቀነሰ። ስትወጣ ከቀሚሱ ጋር አብሮ የሚሄድ ነጠላም ይዛ ነው የወጣችው። ደምሩት፤ ከስምንት ሺሁ አልፏል።

ሠልጣኛችን ያጠፋው ነገር የለም፤ ተጠየቀ፣ መለሰ። ግን «ስንት ነው?» ብሎ የሚገባ ሰው ብዙውን ጊዜ ሌላ የሚለው ስለጠፋው ነው። «እንነጋገራለን» ማለት ደግሞ ሳትጠየቁ ዋጋው የተጋነነ መሆኑን መመስከር ነው። «ዞሬ ልምጣ»ም እንዲሁ ነው። ሰዋችን ፊት ለፊት «አልወደድኩትም» አይልም፤ ይሉኝታ ይይዘዋል። ዋጋው ከብዶት ሊሆን ይችላል፣ ዕቃው ሳይሆን ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ ባለቤቱን ሳይጠይቅ መግዛት የማይችልም አለ። ለመጀመሪያው ሌላ ዕቃ ታሳዩታላችሁ፣ ለሁለተኛው ጥያቄ ትጠይቁታላችሁ፣ ለሦስተኛው ፎቶ አንስቶ እንዲሄድ ትፈቅዱለታላችሁ። ሦስቱን ሳይለዩ ዋጋ እየቀነሱ መከተል ግን ቅድም ያየነውን የጫማ ስሌት በገዛ እጅ መጥራት ነው።

ሳልረሳው፣ ከሽሮ ሜዳ ሌላም የሚታይ ነገር አለ። ከመጻሕፍቱ አንዳንዱ ተወዳዳሪን እንደ ጠላት ነው የሚያቀርበው። እዚያ ግን አንዱ ሱቅ የተጠየቀው ልክ ከሌለው ልጁን ጎረቤት ሱቅ ልኮ አስመጥቶ ይሸጣል፤ ማታ ይተሳሰባሉ። መርካቶም ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ ተብሎ አንድ ዓይነት ዕቃ ያለው ሁሉ አንድ ቦታ የሚቀመጠው በከንቱ አይደለም። ገዢው የሚመጣው ብዙ ሱቅ ስላለ ነው። ጎረቤታችሁ ደንበኛ ይቀማችኋል፤ ደንበኛውን ወደዚያ ሰፈር ያመጣላችሁም እሱ ነው። ይህን ያልገባው ሰው ፀጥ ያለ መንገድ ላይ ብቻውን ሱቅ ይከፍትና ብቻውን ይውላል።

አሁን ከሁሉም በላይ እንድትሰሙኝ ወደምፈልገው ልምጣ፤ ወደ ትብብር ሥልጠናው፣ ድርጅት ገብታችሁ እየሠራችሁ ወደምትማሩበት። 70 በ30 ሲባል ሰምታችኋል፤ አብዛኛው ተግባር፣ ቀሪው ንድፈ ሐሳብ ነው። ተግባሩ ዋጋ የሚኖረው ግን ድርጅት ውስጥ ስትገቡ ነው። እዚህ ላይ በየዓመቱ የማየው ነገር አለ። ሠልጣኞች የሚሻሙት ትልልቅ መሥሪያ ቤቶችን ነው፤ ሊፍት ያለው ሕንፃ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ባጅ። ወላጅም ደስ ይለዋል። ከዚያ ልጁ ለወራት ፎቶ ኮፒ ሲያነሳ፣ ቡና ሲያዝ፣ ቃለ ጉባኤ ሲያደርስ ቆይቶ አንድ ደንበኛ ሳያነጋግር ይመለሳል። የስም ዝርዝር አልጠራም፤ አንድ ሁለት አይደሉም።

ምክሬን ከሰማችሁ አከፋፋይ ጋ ሂዱ። የለስላሳ፣ የውሃ፣ የሳሙና፣ የዱቄት፣ የስልክ ካርድና የሲም አከፋፋይ። ጠዋት ማልዶ መኪና ይጫናል። ከመጋዘን የወጣው በቢን ካርዱ፣ የዕቃው ገቢና ወጪ በሚጻፍበት ካርድ ላይ ይቀነሳል፤ ቁጥሩ ካልገጠመ መኪናው አይንቀሳቀስም። ከዚያ ሱቅ ለሱቅ ነው። የለስላሳ ሽያጭ ላይ ምን እንደሚቸግር ታውቃላችሁ? ገዢ ማጣት አይደለም፤ ባዶ ሳጥን ነው። ባለሱቁ ብር አለው፣ ይፈልጋል፣ ግን ባዶ ጠርሙሱን ካልመለሰ ሙሉውን አይወስድም። ጠርሙሱ ተሰብሯል፣ ወይም ለለቅሶ ቤት በውሰት ሄዷል። ይህንን የትኛውም ሰሌዳ ላይ አልጽፍላችሁም። አንዲት ሠልጣኝ ሎግ ቡኳ፣ የዕለት ሥራዋን የምትመዘግብበት ደብተር ላይ «ዛሬ ደንበኞችን በአግባቡ አስተናገድኩ» እያለች ለሳምንታት ትሞላ ነበር፤ መለስኩላት። በኋላ የጻፈችውን እስካሁን ለአዲስ ገቢዎች አነባለሁ፦ «የትኞቹ ሱቆች ባዶ ሳጥን እንደሌላቸው ከዋዜማው በስልክ ጠይቄ ስለያዝኩ፣ መኪናው መጀመሪያ ባዶ ወዳላቸው ሄደ፤ የተመለሰው ሙሉ ሳጥን ከወትሮው አነሰ።» ሁለት መስመር ናት። ግን ማንም ቀጣሪ ይህን አንብቦ ልጅቷ ምን እንደምትችል ያውቃል።

ስለዚህ ሎግ ቡካችሁን ለእኔ ፊርማ ብላችሁ አትሙሉት። ምን እንደቆጠራችሁ፣ ማን ምን ብሎ እንደመለሳችሁ፣ ጊዜው ሊያልፍ የደረሰውን ዕቃ ወደፊት አውጥታችሁ እንደደረደራችሁ፣ የቱ ባለሱቅ ዱቤውን በቀኑ እንደከፈለ ጻፉ። ድርጅቱ ፎቶ ኮፒ ብቻ ካሠራችሁ ደግሞ ሳትፈሩ ንገሩን፤ ቦታ እንቀይራለን። ዝም ብላችሁ ጨርሳችሁ ከመጣችሁ በኋላ ግን ምንም ማድረግ አልችልም።

ሲኦሲ፣ የብቃት ምዘናው፣ ስሙ ሲነሳ ፊታችሁ ይለዋወጣል። የጽሑፍ አለው፣ የተግባር አለው። መዛኙ እኛ አይደለንም፤ ያሠለጠነ አይመዝንም። ውጤቱም ቁጥር ሳይሆን «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው።  በተግባሩ ላይ የሚወድቁት አብዛኞቹ የማያውቁ አይደሉም፤ መዛኙ ደንበኛ ሆኖ ሲቀርብ ያጠኑትን በሙሉ በአንድ ትንፋሽ ለመናገር የሚጣደፉ ናቸው። ጠይቁት። ከዚያ ዝም በሉና ስሙት። ያን ጊዜ ወይዘሮዋ ትዝ ይበሏችሁ።

ሕጉን በሁለት በሦስት ነገር ልንካው። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ያልተለጠፈበት ሱቅ ታውቃላችሁ? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ወረቀቱ ሕግ አይሽርም። ዋጋ መለጠፍና ደረሰኝ መስጠትም ግዴታ ነው። ቴሌግራም ላይ የምትነግዱትም፣ እዚህ ውስጥ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ «ዋጋ በኢንቦክስ» የምትሉትን ነገር ተዉት። በእኔ እምነት ከዚህ የበለጠ ደንበኛ የሚያባርር ነገር የለም። ሰው ዋጋ ለማወቅ ብቻ ከማያውቀው ሰው ጋር ሰላምታ መለዋወጥ አይፈልግም። በ2013 ግንቦት ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ክፍያው በስልክ ሆኗል፤ ዋጋውን መደበቅ ግን እዚያው ቀርቷል። ማስታወቂያን የሚገዛው ደግሞ አዋጅ 759/2004 ነው፤ አሳሳች ማስታወቂያ ይከለክላል። «በኢትዮጵያ አንደኛ» ብላችሁ ስትጽፉ በምን መለኪያ እንደሆነ ማስረጃ ይዛችሁ ሁኑ።

ሕግ ሥራን እንዴት እንደሚገለብጥ ለማየት ቢራን እዩ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣው። ከዚያ በፊት በየምሽቱ ዜና መሃል የቢራ ማስታወቂያ ነበር። ማስታወቂያው ሲጠፋ ሸክሙ የወደቀው በየግሮሰሪው በሚዞረው የሽያጭ ሠራተኛ ትከሻ ላይ ነው። ለመጠጥ አስተዋዋቂነት እየመለመልኳችሁ አይደለም፤ እናቶች አትዩኝ።

ሥራው አለ ወይ? አለ፤ ግን እንደምታስቡት አይደለም። የማስታወቂያ ሰሌዳዎቹን ስታነቡ «ማርኬቲንግ ኦፊሰር» የሚለው ጥቂት ነው፤ ሽያጭ ሠራተኛ፣ ፕሮሞተር፣ መርቸንዳይዘር (መደርደሪያ ላይ ዕቃ የሚያደራጅ)፣ የመጋዘንና ሽያጭ፣ ሱፐርቫይዘር የሚለው ብዙ ነው። ከታች «ተያዥ ማቅረብ የሚችል» የምትል መስመር አለች። ዕቃና ገንዘብ ስለምትይዙ ዋስ ትጠየቃላችሁ። ወላጆች፣ ይህቺን ከአሁኑ አስቡባት፤ ልጁ ሥራ አግኝቶ ዋስ አጥቶ ሲቀር አይቻለሁ። ዋስ የሚሆነውም ሰው ምን እንደሚፈርም ያንብብ። ክፍያው ደመወዝና ኮሚሽን ሊሆን ይችላል። «ታርጌት ከመታህ» ብሎ ደመወዙን ሳይናገር ኮሚሽኑን ብቻ የሚያወራ ቀጣሪ ካጋጠማችሁ ደመወዙን በጽሑፍ ጠይቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ «ስድስት ወር ሙከራ ነህ» የሚል ካለ አዋጁን አሳዩት።

ገበያውም እየተለወጠ ነው። ቴሌኮም ለረጅም ጊዜ አንድ ድርጅት ብቻ ነበር፤ ሲም ለማውጣት እንለምን ነበር። ሳፋሪኮም መስከረም 2015 በይፋ ሥራ ሲጀምር በየመንገዱ ዣንጥላ ዘርግተው «ሲም ልስጥህ?» የሚሉ ወጣቶች በዙ። ከነሱ መሃል የእኛ ምሩቃን አሉ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መመሪያ ቁጥር 1001 እስከዚያ ለአገር ልጅ ብቻ ተከልሎ የነበረውን የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ከፈተ። ነጋዴዎቻችን ይህን ሲሰሙ ደነገጡ፤ እኔም አልፈርድባቸውም። የሚመጣው ኩባንያ ግን ሠራተኛውን ይዞ አይመጣም። ዕቃ የሚቆጥር፣ ታክስ በትክክል የሚያወጣ፣ የሰፈሩን ሰው በሰፈሩ ቋንቋ የሚያነጋግር ሰው እዚሁ ይፈልጋል። የሰፈራችሁ ባለሱቅም ከእነሱ ጎን ሊቆም ካሰበ ያው ሰው ያስፈልገዋል፤ እሱ ጋ ብትቀጠሩ አላፍርባችሁም።

የሰኞ ሥራችሁን ልስጣችሁ። ሰፈራችሁ ካለ አንድ ሱቅ ወይም ዳቦ ቤት ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ አንድ ሰዓት ተቀመጡ። ስልክ አትንኩ። ስንት ሰው ገባ፣ ስንቱ ገዛ፣ ባዶ እጁን የወጣው ምን ብሎ ወጣ፤ ቃሉን እንደተናገረው ጻፉት፣ አታሳምሩት። የሰው ስም አትጻፉ። ባለቤቱ ያለ ደረሰኝ ሲሸጥ ብታዩ ደግሞ አትከራከሩት፤ እንግዳ ናችሁ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ፣ በእጅ ጽሑፍ። ሰኞ ጠዋት 2፡30 ይዛችሁ ኑ፤ የክፍል ቁጥሩን በሩ ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። ወላጆች ጥያቄ ካላችሁ አሁን እንስማ፤ እዚያ ጋ እጃቸውን ያነሱት እናት ይቅደሙ።